ደብተሩን ያቃጠለው እጅ

ሀስና ቆቦ ከተማ፣ አስፋልት ዳር፣ በስፌት መኪና ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። ለምን አልተማርሽም ሲሏት መልሷ አንድ ነበር፤ «አምስተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ደብተሬን እሳት ውስጥ ጨምሮ፣ ወንጭፍ አስጨብጦ ማማ ላይ ሰቀለኝ። የማሽላ ወፍ ጠባቂ አደረገኝ።» ለልጇ ለሱዓድም ይህንኑ ስትነግራት ኖራለች። አባቷ የሞቱ ጊዜ እንባ ጠብ አላላትም።

ባለፈው ጥቅምት የልጅነት ጓደኛዋ አስረሳሽ ቀሚስ ልታሳጥር ከሮቢት መጣች። ሲጫወቱ ወሬው ወደ ትምህርት ቤት ዞረ።

«አባትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና» አለች አስረሳሽ፣ «አንችን ለማስመለስ ዳይሬክተሩን ስንቴ ደጅ ጠኑ! አንች ማሽላ ውስጥ ተደብቀሽ እምቢ አልሽ እንጂ።»

«እኔ?»

«መምህሩ ክፍል ውስጥ ከሳቀብሽ ወዲያ ነዋ። ረሳሽው?»

ሀስና ሳቀች፤ ቀጥሎ ተቆጣች። አስረሳሽ ከሄደች በኋላ ግን አባቷ በትራቸውን ግድግዳ አስደግፈው ዳይሬክተሩ ፊት ሲያጎነብሱ ይታያት ጀመር። የማሽላው ቅጠል ፊቷን ሲቧጭራት ሁሉ ተሰማት። በእርግጥ አይታው ነው? ወይስ የአስረሳሽ ወሬ ነው የሳለላት? መለየት አቃታት።

በማግስቱ ዋጃ፣ አክስቷ ጀዊሪያ ዘንድ ሄደች። ደብተሩን ማን እንዳቃጠለው አሮጊቷን ጠየቀቻቸው።

«ደብተሩ ሲነድ አይቻለሁ። እጁ ግን የማን እንደነበር፣ ወላሂ፣ አላውቅም። አባትሽ ያን ቀን እኔ ዘንድ ነበር መሰለኝ... ወይስ እሱ የሌላ ዓመት ነው?»

«ታዲያ እኔ ነኝ ያቃጠልኩት?»

«አንችማ ታለቅሽ ነበር። ያቃጠለም ያለቅሳል፣ የተቃጠለበትም ያለቅሳል፣ ልጄ።»

ቤት ስትመለስ ሱዓድ ነገሩን ሰምታ «ታዲያ አያቴን በከንቱ ነው የጠላሁት?» አለቻት። ሀስና አባቷን ይቅር ልትል ስትል የወረቀቱ ጭስ ይሸታታል፤ ልትቀየም ስትል ያ ያጎነበሰ ጀርባ ይመጣባታል።

ጁምዓ ዕለት ተምር ገዝታ ልጆች ቁርዓን ወደሚቀሩበት መድረሳ ወሰደች። ለአባቷ ሰደቃ ስታወጣ የመጀመሪያዋ ነው።

«ምን ብለን ዱዓ እናድርግላቸው?» አሏት ሸሁ።

«አፉ ብዬዋለሁ፣ ይቅር ብዬዋለሁ በሉልኝ» ልትል አፏን ከፈተች። ምናልባት «አፉ በለኝ» ማለት የሚገባት እሷ ብትሆንስ? ሸሁ ጥቂት ጠብቀው እጃቸውን ዘረጉ። ልጆቹ «አሚን» አሉ። ሀስናም ለየትኛው እንደሆነ ሳታውቅ አብራቸው «አሚን» አለች።