ወተትና የብረት ኪኒን

ያን ዕለት ጠዋት የሠራሁትን ጅልነት ሌላ ሰው ሠርቶት ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ልኬን ስስቅበት እኖር ነበር። የእርጉዝ ባለቤቴን የብረት ኪኒን በማንኪያ ጀርባ ፈጭቼ ወተት ውስጥ በጠበጥኩላት።

ወተቱ እንደዋዛ የተገኘ አይደለም። ከየካ ሚካኤል ተነስቼ፣ ቦርጬን እየገፋሁ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል እያንሸራተተኝ፣ ዳገቱ ላይ ላም ካላቸው ሰዎች በየማለዳው የማመጣው ነው። አንዴማ ቁልቁለቱን በቂጤ ስወርደው ከወተቱ በቀር የተረፈልኝ ነገር አልነበረም። ባለቤቴ እስከዚያ ዕለት ድረስ ኪኒኗን የምትውጠው በዚሁ ወተት ነበር።

የባለቤቴ ደም አንሶ ነበር። የሰፈራችን ክሊኒክ አዋላጅ፣ «በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልጨመረ እዚህ አላዋልድሽም፤ ትልቁ ሆስፒታል ነው የምትሄጂው» ብላታለች። ዘመኑ ደግሞ የሰዓት እላፊ ነው። ምጥ ሌሊት ቢመጣ ከተማውን ማን ያሻግረናል?

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ ብርጭቆውን አየት አድርጋ። «ካልሲ የተዘፈዘፈበት ይመስላል።»

«ጠጪ! ያገባሽው የባዮሎጂ አስተማሪ ነው።»

«እኔስ እሱን አይደል የምፈራው» ብላ ጨለጠችው።

ደረቴን ነፍቼ ክፍል ገባሁ። የዕለቱ ትምህርት የምግብ መፈጨት ነበር። ምግብ ከሚፈጩት ኤንዛይሞች አንዳንዱ ዚንክ የሚባለውን ማዕድን ካጣ ምላጭ እንደሌለው መላጫ ነው፣ ሥጋ ቢያቀርቡለትም አይቆርጥም አልኩ።

«ታዲያ ጓድ መምህር» አለች አንዷ ተማሪ፣ «ማዕድኑን ሁሉ ባንዴ ብንውጠው አይሻልም?»

ጥያቄዋ ደስ አለኝና ትንሹን አንጀት እንደ ቀበሌ ሱቅ አድርጌ ሰሌዳው ላይ ሳልኩት። «ብረት በር ላይ ተሰልፏል እንበል። ካልሲየም ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ መጣ። በሩ ጠባብ ነው። ብረት ምን ይሆናል?»

«ባዶ ዘንቢሉን ይዞ ይመለሳል!»

«ጎበዞች! ይሄን ሁሉ ካልሲየም ከምን እናገኛለን?»

«ከወተት!» አለ ክፍሉ ባንድ ድምፅ።

ጠመኔው ከእጄ ወደቀ።

እረፍት ሲደወል እየሮጥኩ የሄድኩት ወደ ጎረቤታችን ነው። ባለሱቋ ሴትዮ ግቢያቸው ውስጥ አንድ ያረጀ የሎሚ ዛፍ ነበራቸው፤ የሎሚ ኮምጣጣነት ደግሞ ብረት አንጀት ውስጥ ቶሎ እንዲገባ ይረዳል።

«ምነው መምህር፣ ቤት ተቃጠለ?»

«ሎሚ ይስጡኝ እትዬ! ሚስቴን ወተት እያጠጣሁ ጎዳኋት።»

«አላህ ያሳይህ! ወተት ማጠጣት ከመቼ ወዲህ ነው ጥፋት የሆነው?»

«ከዛሬ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ጀምሮ።»

እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ዛፉ እንደሆነ አርጅቷል» አሉ እየቀጠፉልኝ። «በምትኩ ችግኝ ትተክልልኛለህ።»

«ዘንድሮ ክረምት!» አልኩ እጄን አንስቼ።

ከዚያ ወዲያ ኪኒኑ ጠዋት በሎሚ ውሃ፣ ወተቱ ማታ ሆነ። ባለቤቴ «እስከ ዛሬ ኪኒኑን ስውጥ የኖርኩት ላንተ ዲግሪ ክብር ነው?» አለችኝ። ሎሚውን ጨመቅኩላት። በቀጠሮዋ ቀን ግን አዋላጇ ውጤቱን አይታ «እዚሁ ትወልጃለሽ» አለቻት። ምጡም እንደፈራነው በሰዓት እላፊ መጣ፤ ክሊኒኩ አጥር ለአጥር ስለነበር ልጃችን ቀይ ቲማቲም መስላ እዚያው ተወለደች።

ያቺ ልጅ ዛሬ ራሷ እናት ናት። እትዬ አሁንም ባገኟት ቁጥር፣ «አባትሽ ጋ ክረምት አልገባም እንዴ?» ይሏታል። አልገባም። የሎሚ ችግኛቸው ዛሬም አለብኝ።