የዝናቡ ቀን እንቁላሎች

ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቷል። ሌላ ቀን ቢሆን ፐርፔቱዋ ባግታስ አማትባ ታመሰግን ነበር። ዛሬ ግን ማላቦን በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ውስጥ፣ ከእናቷ ቤት ፊት ለፊት ቆማ፣ ቦቲ ጫማዋ በውሃ እንደተሞላ፣ ፀሐይዋን እንደ ደመኛ አፍጥጣ ታያታለች።

የምትፈልገው ዝናብ ነው። በአዲሱ ፊልሟ መጨረሻ ለዓመታት የተኳረፉ ወንድምና እህት ጎርፍ በሞላው መንገድ ላይ፣ ዶፍ እየወረደባቸው ይገናኛሉ። ጎርፉ በሰዓቱ መጥቷል፤ በዚህ ሰፈር ባሕሩ ሲሞላ መንገዱ ያለ ዝናብም እስከ ጉልበት ይዋጣል። ዝናቡን ደግሞ የእሳት አደጋ መኪና ከላይ ሊረጭላቸው ነበር። መኪናው ግን ቱቦውን ዘርግቶ ሳይጨርስ ወዲያ ማዶ ቤት ተቃጠለ ተባለና እየጮኸ ሄደ። ማንም አልተቆጣም። የሰው ቤት እየነደደ ስለ ፊልም አይወራም።

ጭንቁ ጋስፓር ነው። ወንድምየውን የሚጫወተው ይህ አዛውንት ዛሬ ማታ ካናዳ ልጆቹ ዘንድ ይሄዳል፤ ለመመለስም አላሰበም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልተቀረጸ ፊልሙ ያለ መጨረሻ ይቀራል።

ካሜራ የሚያነሳው ኢሳጋኒ ጠጋ አለና፣ "ዲሬክ ፔታ፣" አላት። ዳይሬክተር ሁሉ በዚያ አገር "ዲሬክ" ነው የሚባለው፤ ስሟም ተቆራርጦ ፔታ ከሆነ ቆይቷል። "በነሐሴ እንዲህ ያለ ፀሐይ አይቼ አላውቅም። አንድ ሰው እንቁላል ወስዶ ካልሆነ።"

ፔታ ቀና ብላ የእናቷን መስኮት አየች። ገባት።

የእንቁላሉን ነገር የማያውቅ እዚያ የለም። ሰርግ ያለው፣ ድግስ ያለው፣ ፊልም የሚያነሳ ሁሉ ለቅድስት ክላራ መነኮሳት እንቁላል ይዞ ይሄዳል፤ መነኮሳቱም ሰማዩ እንዲጠራ ይጸልዩለታል። የፔታ እናት አሊንግ ሴዴስ ልጇ ሥራ ከጀመረች ወዲህ አንድም ጊዜ አጓድላ አታውቅም። ቅርጫቱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጂፕኒ በሚሉት፣ በየጉድጓዱ በሚዘል የሕዝብ መኪና ተሳፍራ፣ አንድም እንቁላል ሳይሰበር ታደርሳለች። ቀረጻ ቦታ ግን ድርሽ አትልም። እዚያ ሄጄ ምን ልሠራ፣ መንገድ ልዘጋ ነው፣ ትላለች።

ዓሣ በጋን አብላልተው የወጥ ማጣፈጫ ከሚሸጡ ሰዎች የተወለደችው ፔታ ሥራ የጀመረችው ቃል በማቀበል ነበር። ያኔ ድምፅ የሚገባው ፊልሙ ከተነሳ በኋላ ስለሆነ ተዋንያኑ የሚሉትን ለማጥናት አይጨነቁም፤ አንዲት ልጅ ጠረጴዛ ሥር ተደብቃ ቃሉን ታቀብላቸዋለች። ጋስፓር በወጣትነቱ ስንቷን ቆንጆ ያንበረከከበት ቃል ከፔታ አፍ የወጣ ነው፤ እሷ ራሷ ተንበርክካ፣ ጉንዳን እየበላት።

ከዚያ ረዳት ሆነች። አንድ የክረምት ሳምንት ዳይሬክተሩ በወባ መሰል ትኩሳት ወደቀ። ድራማው ጠዋት ተቀርጾ ማታ በቴሌቪዥን የሚታይ ዓይነት ነበርና ሌላ ሰው ለመፈለግ ጊዜ አልነበረም። ፔታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲህ አልተነሳችም። ተከታታይ ድራማዎቿ ሲጀምሩ ጎዳናው ጭር ይላል። አንድ ጊዜ ደጓን ነርስ በድራማው ውስጥ ስለገደለቻት፣ አንዲት የዓሣ ነጋዴ ለነፍሰ ገዳይ አልሸጥም ብላ ባዶ እጇን መልሳታለች። ፔታ ይህን ስታወራ ከተሸለመችው ሁሉ አብልጣ ትኮራበታለች። ሽልማቶቹማ እናቷ ቁምሳጥን ላይ፣ ከቅዱሳኑ ሐውልት ጎን ተደርድረዋል፤ እሑድ እሑድ አብረው ይወለወላሉ።

አሁን የእናቷን ቤት ደረጃ ወጣች። አሊንግ ሴዴስ ሩዝ እየለቀመች ነበር።

"ናናይ፣" አለቻት እናቷን፣ "ትናንት መነኮሳቱ ጋ ሄደሽ ነበር?"

"እንዴታ። ትልልቁን መርጬ ነው የወሰድኩት። አየሽ ሰማዩን?"

"ዛሬ የፈለግኩት ዝናብ ነበር።"

አሮጊቷ እጇን ከሩዙ አወጣች። ወደ ሰማይ፣ ከዚያም ወደ ልጇ አየች።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? በዚህ ሁሉ ዘመን ምን እንደምትፈልጊ ነግረሽኝ ታውቂያለሽ? ዝም ብዬ ፀሐይ እየለመንኩ ኖርኩ።"

እውነት ነው፤ ፔታ እንቁላሉን እንደ ትንፋሽ ለምዳው፣ ስለ ሥራዋ ለእናቷ ተናግራ አታውቅም። ልትቆጣ ነበር የወጣችው፤ ሳቋ መጣ። ዓይኗ በረንዳው ላይ ካለው የአበባ ማጠጫ ላይ አረፈ። በድህነቱ ዘመን፣ መኪና መከራየት በማይታሰብበት ጊዜ፣ ቀረጻ ላይ ዝናብ የሚሠሩት በዚያ ነበር።

"ነይ ውረጂ። ዝናቡን አንቺ ታዘንቢዋለሽ።"

አሊንግ ሴዴስ ጉልበቴን፣ ቀሚሴን፣ ሩዙስ አለች። ቢሆንም ወረደች። የካሜራውን አናት በላስቲክ ሸፍነው አሮጊቷን ከጎኑ ወንበር ላይ አቆሟት፤ ውሃው በካሜራው መስታወት ፊት እንዲወርድ ማጠጫውን አስያዟት። ጎረቤቱ ወሬውን ሰምቶ ባልዲና የውሃ ቱቦ እየያዘ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወጣ። አንዱ ከጣሪያ ላይ፣ ይከፈለናል ወይስ በነጻ ነው የምናዘንብላችሁ ብሎ ጮኸ፤ ሚስቱ፣ አንተ ገላህን ከታጠብክ ይበቃል አለችው።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ ነበር። ፔታ ጣሪያ ላይ ያሉት ሰዎች ጥላ ቀረጻው ውስጥ ይገባል ብላ ሰግታ ነበር፤ ነገር ግን ውሃው ሲወርድ ብርሃኑ ከበስተኋላ መታውና እያንዳንዷ ጠብታ በራች። ኢሳጋኒ ዓይኑን ከካሜራው ሳይነቅል አውራ ጣቱን ቀሰረ።

እህትየዋ ከበሩ ወጣች። ጋስፓር በውሃው ውስጥ እየተንገዳገደ መጣ። የተጻፈለት ቃል "ይቅር በይኝ" የሚል ነበር። አላለውም። ፊቱን ወደ ብርሃኑና ወደ ዝናቡ ቀና አደረገ። ፔታ ከልማዷ ቃሉን ልታቀብለው አፏን ከፈተች፤ እሱ ግን ቀደማት።

"ቲክባላንግ እያገባ ነው፣" አላት እህቱን።

ፀሐይና ዝናብ ሲገናኙ የፈረስ ራስ ያለው የጫካ ጭራቅ ሰርግ ነው እየተባለ ያላደገ ልጅ እዚያ የለም። እህትየዋ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ፊቷ ላይ ሳለ እንባዋ መጣ፤ እጁን ያዘችው። ይቅርታው ሳይነገር አለቀ። ፔታ ወዲያው "በቃ" አላለችም። የእናቷ ማጠጫ እስኪደርቅ ድረስ ጠበቀች።

ጋስፓር እርጥብ ልብሱን ቀይሮ ሳይሄድ የእሳት አደጋው መኪና ተመለሰ። ሰዎቹ ፊታቸው በጥላሸት ጠቁሯል፤ እሳቱ ጠፍቷል፣ ሰው አልተጎዳም። አለቃቸው ወርዶ ይቅርታ ጠየቀ፤ አሁን እናዝንብ ወይ አለ።

"ዘንቧል፣" አለችው አሊንግ ሴዴስ ቀሚሷን እየጨመቀች። "ግቡና ብሉ።"

ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። "የሚቀጥለው መቼ ነው? ፀሐይ ነው ዝናብ?"

ፔታ ሳህን አንሥታ፣ ከእናቷ አጠገብ እርጥቡ ወንበር ላይ ተቀመጠችና የሚቀጥለውን ፊልሟን ከመጀመሪያው አንሥታ ትነግራት ጀመረች።