በእሳት ያለፈ ቢላዋ

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ የጓሯችንን የእንሰት ቅጠል የምቆርጠው እኔ ነኝ። ቢላዋውን ባነሳሁ ቁጥር ተማሪ ሳለ የነበረው መልኩ ይታየኛል።

በደርግ ጊዜ ነው። እሱ ሀዋሳ የእርሻ ኮሌጅ ይማራል፤ እኔ እዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጻሕፍት አውሳለሁ። ከሲዳማ ገጠር የመጣ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ሌሎቹ እንግሊዝኛ የሚያጠኑት ፈተና ሲደርስ ነው። እሱ ግን ፈተናው ካለፈ በኋላም መዝገበ ቃላት ታቅፎ ይመጣል።

ጓደኞቹ፣ "አንተ፣ ዕድል ያለው ሞስኮ ነው። ሩሲያኛ አትማርም?" እያሉ ይስቁበታል።

አንድ ቀን ምን እንዲህ እንደሚያደክመው ጠየቅኩት።

"የእናቴ እንሰት እየጠወለገ ነው፣ እህቴ። ስለ በሽታው የተጻፈው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው።"

ከዚያ በኋላ አብረን እናነብ ጀመርን። ስለ በሽታው የሚናገረውን ገጽ በብዙ ድካም ስንጨርሰው ለካ በሽታው መድኃኒት የሚባል ነገር የለውም። የታመመውን ነቅሎ መጣል፣ ቢላዋውንም ጤነኛውን ከመንካት በፊት በእሳት ማሳለፍ ብቻ ነው። በጣም አዘነ። ቢሆንም ለእረፍት ሲሄድ ለእናቱ ነገራቸው።

ሲመለስ፣ "ምን አሉህ?" አልኩት።

"'ይህን ሁሉ ዘመን በፈረንጅ አፍ የተማርከው ቢላዋ ማቃጠል ነው?' ብላ ሳቀችብኝ።"

"አላቃጠሉም ታዲያ?"

"እየሳቀች አቃጠለች።"

የቀረው እንሰት ዳነ። ስንጋባ እናቱ ከዚያው ማሳ ችግኝ ሰጡን። ዛሬ ጓሮዬ ያለው የዚያ ዘር ነው። በሽታ አይቼበት አላውቅም፤ ቢላዋውን ግን አሁንም በእሳት ሳላሳልፍ አልነካውም።