ሥሩ የታጠፈው መንጋጋ

ባለፈው ክረምት ባሌን የጨሞጋ ወንዝ ሞልቶ ወሰደው። አስከሬኑ አልተገኘም። እድሩ ድንኳን ጣለ፣ ሰዉ አልቅሶ ሄደ፤ እኔ ግን የማለቅስበት መቃብር የለኝም።

ዘንድሮ መንጋጋዬ እንቅልፍ ሲነሳኝ ከአገሬ ከሮብ ገበያ ደብረ ማርቆስ ወርጄ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ገባሁ። ወጣቱ ሐኪም አፌን በላስቲክ ወጥሮ ነርቩን እያወጣ፣ "እትዬ፣ የእርስዎ መንጋጋ ሥሩ የታጠፈ ነው፤ ጊዜ ይፈጃል" አለኝ። እንዳልሰለች ብሎ ነው መሰለኝ፣ ከመደርደሪያው ብልቃጥ አውርዶ አንድ የተነቀለ ጥርስ አሳየኝ። አራት ሥር አለው፤ አንዱ እንደ መንጠቆ ቆልመም ብሏል።

"ይሄ ደግሞ የባሰ ነው። አራተኛውን ሥር ሳላየው ቀርቼ ሕክምናው አልያዘም፤ በመጨረሻ ነቀልኩት። ሰውየው የእናንተው አገር የሒሳብ መምህር ነው። ላብ በላብ ሆኜ ስታገል፣ 'አይዞህ ዶክተር፣ ሚስቴም እንዲሁ ናት፤ አንዴ ከያዘች አትለቅም' ብሎ አሳቀኝ። ጥርሱን መጥቼ እወስዳለሁ ብሎኝ ነበር፤ በዚያው ቀረ።"

ያን ቀልድ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሰምቼዋለሁ። ጥርሱን ያስነቀለ ሰሞን አጥሚት ያጠጣሁትም እኔ ነኝ። ልናገር ብል አፌ ተወጥሯል፤ እንባዬ ብቻ ወረደ።

"አመመዎት?" አለና ማደንዘዣ ጨመረልኝ።

ላስቲኩን ሲያነሳልኝ በደነዘዘ ከንፈሬ፣ "ጥርሱን ስጠኝ፤ ሚስቱ ነኝ" አልኩት።

ብልቃጡን እየሳቀ አቀበለኝ። "ይውሰዱለት። መልሼ ግን ልተክልለት አልችልም።"

"ልቀብረው ነው" አልኩት።