ከኋላ የምትመጣው እጅ

አያቴ ከጀርባችን ድምፅ ሳያሰሙ ይመጡና የምንጽፍበትን እስክሪብቶ ከጫፉ ይዘው ወደ ላይ ሳብ ያደርጉት ነበር። ከጣታችን በቀላሉ ከወጣ ዝም ብለው ያልፋሉ። ካልወጣ ግን፣ "ምን በድሎሽ ነው የምታንቂው? ላላ አድርጊው። ደግሞ ቀና በይ" ይሉኛል። ከጓሳ ተራራ በኩል የሚነፍሰው ብርድ ጣቴን ሲያደርቀው፣ እጄን በርኖሳቸው ውስጥ አሙቀው ነበር የሚያስጀምሩኝ።

እሳቸው ግን ቀና ማለት አይችሉም ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ብራና ጉልበታቸው ላይ አድርገው የደብራችንን መጻሕፍት ሲጽፉ ኖረው ጎብጠዋል። ለዚህ ነው ለእኛ ለልጅ ልጆቻቸው አናጢ ለምነው ጠረጴዛ ያሠሩልን። እናቴ፣ "አባባ፣ እርስዎስ ለምን አይጽፉበትም?" ስትላቸው፣ "የኔስ አንዴ ሆኗል፤ እነሱ ይትረፉ" አሉ።

ያረፉ ዕለት ሲገንዟቸው ጀርባቸው አልዘረጋ አለ። አንድ ቄስ ትከሻቸውን ጫን ሊያደርጉት ሲሉ እናቴ የቄሱን እጅ ያዘች።

"ይተዉዋቸው አባ፣ ያማቸዋል" አለች።

ቄሱ ተዉ። እንደ ጎበጡ ተቀበሩ።

ነገ አርባቸው ነው። በተዝካራቸው ላይ የሚነበብ ነገር እንድጽፍ ታዝዤ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጫለሁ። እስክሪብቶውን አንቄ ከመያዜ የተነሣ ጣቴ ነጭ ሆኗል፤ ወረቀቱም ላይ አጎንብሻለሁ። ይታወቀኛል፤ እያወቅሁም አልተስተካከልኩም። ከኋላዬ መጥተው እስኪስቡት እየጠበቅሁ ነው።