ልጄን ዝም ላሰኝ አሰብ ወረድኩ

ከደሴ የተነሣሁት ማክሰኞ ማለዳ ነው። ልጄ አስቴር አሰብ አስተማሪ ናት። ደብዳቤዋን ራሴው አነበብኩት፤ ፊደል የለየሁት ከእሷ ደብተር ነውና። ስድስተኛ ክፍልን ስንት ዘመን ያስተማሩትን ጋሽ ወልዱን፣ ዲፕሎማ የላቸውም ብለው ሊያነሷቸው፣ ክፍሉንም ለእሷ ሊሰጧት ነው። እሷ ደግሞ ሐሙስ በመምህራን ማኅበሩ ስብሰባ ተነሥታ ልትቃወም ነው። ዳይሬክተሩ «ከተናገርሽ ራሔይታ ትዛወሪያለሽ» ብሏታል። ሴት ልጅ ብቻዋን፣ ዘመድ በሌለበት የቀይ ባሕር ዳርቻ መንደር። ለዳይሬክተሩ እጅ መንሻ አንድ ቅል ቅቤ ይዤ ወጣሁ።

ከኮምቦልቻ ወደ ወደብ የሚወርድ የጭነት መኪና አሳፈረኝ። ሚሌ ስንደርስ አየሩ እሳት ሆነ። ሾፌሩ ቅሉን አይቶ ሳቀ።

«እትዬ፣ ይሄ አሰብ የሚገባው ዘይት ሆኖ ነው።»

«አንተ መሪህን ያዝ» አልኩት።

እንዳለውም ሆነ። ማንዳን ሳናልፍ ቀሚሴ ቅቤ ጠጣ። ረቡዕ አመሻሽ ደረስን፤ ለአስቴር ናፍቆት ነው ያመጣኝ አልኳት።

ሐሙስ ጠዋት

እሷ ክፍል ስትገባ እኔ ወደ ቢሮው ሄድኩ። በረንዳው ላይ በዚያ ሙቀት ክራቫት ያሰሩ፣ ሽበታም ሰው ቆመዋል። እኒህ ካልሆኑ ማን ዳይሬክተር ይሆናል ብዬ፣ ጎንበስ ብዬ ቅሉን ሰጠኋቸው።

«ጌታዬ፣ የአስቴር እናት ነኝ። ልጅ ናት፣ ይማሯት። ስለዚያ ሽማግሌ እንዳትናገር እኔ አስተዋታለሁ።»

ቅሉን በሁለት እጃቸው እንደያዙ በአገጫቸው ወደ ግቢው አመለከቱኝ።

«እሜቴ፣ ዳይሬክተሩ ያ ቁምጣ የለበሰው ወጣት ነው። ሽማግሌው እኔ ነኝ። እንዳትናገር እኔም ለምኛት ነበር፤ እምቢ አለችኝ። እርስዎን ከሰማች ይንገሯት።»

ቅሉን መለሱልኝ። ምሳ ላይ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ የእኒያ ሰው ፊት መጣብኝና ዋጥኩት።

አሥር ሰዓት

ስብሰባው አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። እኔ ኋላ ተቀመጥኩ። አንዱ ወጣት አስተማሪ ተነሣ።

«ወንበር ላይ ማርጀት ሙያ ከሆነ እኛ ዲፕሎማ ለማግኘት ለምን ደከምን?» አለ። ተሳቀ።

አስቴር ቆመች።

«የምከራከረው ስለ ሽበታቸው አይደለም» አለች። «ሲያስተምሩ ክፍላቸው ተቀምጬ ሰምቻለሁ። እኔ ሳምንት ሙሉ ያቃተኝን ክፍልፋይ፣ እሳቸው አንድ ሐብሐብ ቆራርጠው በአንድ ጠዋት ለልጆቹ አስገቡላቸው። እናንተስ ማን ገብቶ አያቸው? ሰነፍ ቢሆኑ ኖሮ ይውረዱ የምለው እኔ ነበርኩ። ማኅበራችን ሰነፍ መደበቂያ ከሆነ አባልነቴ ይቅር። ጎበዝን አሳልፎ ከሰጠ ግን ምን ይሠራልናል?»

ያ የቀለደው ወጣት ሳይቀር እሷን ደግፎ እጁን አወጣ። ማኅበሩ ለዳይሬክተሩ ደብዳቤ ጻፈ። ቅዳሜ ለጋሽ ወልዱ ክፍላቸው ጸናላቸው፤ ለአስቴርም ከመስከረም ጀምሮ ራሔይታ የሚል ወረቀት መጣላት። አንብባ አጠፈችውና የተማሪዎቿን ደብተር ማረም ቀጠለች።

ደሴ ስገባ ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀኝ።

«ዝም አሰኘሻት?»

«ቁጭ ብዬ ሰማኋት» አልኩት።

ፍርሃቴ አብሮኝ ተመልሷል፤ አልዋሽም። ግን አስተማሪ የምትባለውን ልጄን ስትናገር የሰማኋት ገና ያን ቀን ነው። በመስከረም ራሔይታ ድረስ የማደርሳት እኔ ነኝ።