የባቡር ሹሙን ደግ ሰው ያደረግሁበት ጽሑፍ

ኮሌጅ ፓርክ ያለው ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት የታሪክ ፕሮፌሰራችን አንድ ከባድ ሥራ ሰጡን። እያንዳንዳችን በቅኝ ግዛት ዘመን የኖረ የአንድ ሠራተኛ ሰው ሕይወት፣ ቤተሰቡ እጅ ካሉት ወረቀቶች ተነስተን እንድንጽፍ ነው። ጽሑፉ የኮርሱን ግማሽ ውጤት ይይዛል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ከቤተሰቡ አንድ ሰው «ይህ እውነት ነው» ብሎ ካልፈረመበት አይታረምም፤ ዜሮ ነው። እኔ ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ ስለምቀመጥ የሰዎቹ ዝርዝር መጀመሪያ የደረሰው እኔ ጋ ነበር። ፕሮፌሰሩን ላለማስጠበቅ ብዬ ከላይ ያለውን ወሰድኩ። አንድ ህንዳዊ የባቡር ሹም ናቸው። ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ወረቀታቸውን ያስቀመጡት ሰማንያ ስምንት ዓመት የሆናቸው ሴት ልጃቸው ናቸው፤ የሚኖሩትም እዚሁ ከኛ ብዙ በማትርቅ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ነው።

ከቤታችን ከሲልቨር ስፕሪንግ በሬድ ላይን ባቡር ተነስቼ፣ መሀል ላይ ወደ የሎው ላይን ቀይሬ ሄድኩ። ወይዘሮዋ በሩን ሲከፍቱልኝ ሰላም ከማለታቸው በፊት ሰዓታቸውን አዩ።

«ዘጠኝ ደቂቃ» አሉ።

«ይቅርታ፣ ባቡሩ ዘግይቶብኝ ነው።»

«ባቡር እንዲሁ አይዘገይም። ምክንያቱ ምንድን ነው? ሲግናል ነው? ሃዲድ ነው? ወይስ ሹፌሩ?»

«አላውቅም።»

«ውስጥ ተቀምጠሽ ሳለ አልጠየቅሽም?»

ባቡር ለምን እንደዘገየ የሚጠይቅ ሰው በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ሰው ስልኩን እያየ በውስጡ ይበግናል እንጂ። ቢሆንም «ሌላ ጊዜ እጠይቃለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ፤ ወይዘሮዋም አስገቡኝ።

ወረቀቶቹ በሁለት የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነበሩ። ሹሙ የአስተማሪ ልጅ ናቸው። በአሥራ ስምንት ዓመታቸው በአንዲት ትንሽ ጣቢያ የቴሌግራም ጸሐፊ ሆነው ተቀጠሩ። ከዚያ ትኬት ተቆጣጣሪ፣ ከዚያ የጣቢያ ኃላፊ፣ በመጨረሻም የአንድ አውራጃን የባቡር እንቅስቃሴ በሙሉ የሚመሩ መኮንን ሆኑ። በዚያ ዘመን እንግሊዞቹ እንዲህ ያለውን ማዕረግ ለህንድ ሰው የሚሰጡት እጅግ ሲቸግራቸው ብቻ ነበር። ከሰጧቸውም በኋላ ሹሙ ባቡሩን ሁሉ ያዝዛሉ፣ የመኮንኖቹ ክበብ ግን በጓሮ በር እንኳ አያስገባቸውም።

ይህን ሳነብ ወደድኳቸው። ከዚያ ሁለተኛውን ሳጥን ከፈትኩ። ክስ ብቻ ነው። አንዱ ጸሐፊ ለእህቱ ሠርግ ፈቃድ ከለከሉኝ ይላል። አንዱ ዘበኛ ኮፍያው ጠመም ብሎ ስላዩት ከሥራ አግደውታል። አንድ መንገደኛ ደግሞ «ይህ ሰው ልብ የለውም» ብሎ በሦስት ገጽ ጽፏል።

ማታ ከወረቀቶቹ ያነሳሁትን ፎቶ ይዤ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አባቴ በሥራው የመኪና ማቆሚያ ተቆጣጣሪ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችን ግን የሟች የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከኛ ሰው አንዱ ሲሞት ቤተሰቡ ከቄሱ ቀጥሎ የሚደውለው ለሱ ነው። ላፕቶፑ ላይ ስሙና የትውልድ ቦታው ብቻ ባዶ የተተወለት ጽሑፍ አለው። ቀብሩ ላይ ሲነበብ የማያለቅስ የለም።

«አባዬ፣ ሰውየው ጥሩ ሰው አይመስሉም» አልኩት።

«ሞተዋል አይደል?»

«ሞተዋል።»

«እንግዲያው ጥሩ ሰው ናቸው።»

«እንዴት?»

«እኔ ሃያ ዓመት ስጽፍ አንድ ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም። ነይ፣ አሳዪኝ።»

አንድ የዝውውር ደብዳቤ አሳየሁት። ሹሙ ከትልቅ ከተማ ወደ በረሃ ጣቢያ ተልከዋል፤ ምክንያቱ ግን አልተጻፈም።

«‹ለተሻለ ኃላፊነት ተዛወሩ› በዪ» አለኝ ሳያስብ።

«ይህስ? ባቡር የዘገየበት ምክንያት የሚጻፍበት መዝገብ ነው። በገዛ እጃቸው ‹ሃያ ሁለት ደቂቃ። ምክንያት፦ ውሻ› ብለዋል።»

አባቴ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። «ውሻውን ተዪው። የሕይወት ታሪክ ውስጥ ውሻ አይገባም።»

እኔም የአባቴን ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ ጻፍኩ። ሹሙ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርታቸውን በትጋት ተከታተሉ። ሰው አክባሪ፣ ሩህሩህ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ እጅግ የተወደዱ ነበሩ። ለአባቴ ሳነብለት ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ምን ዓይነት ሰው አለፈ!» አለ።

ማስረከቢያው ዓርብ ነው፤ ረቡዕ አሌክሳንድሪያ ሄጄ ለወይዘሮዋ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። እስክሪብቶ በእጃቸው ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ጨረስሽ?»

«ጨርሻለሁ።»

«ይህ ሰውዬ ማን ነው?»

«አባትዎ ናቸው።»

«አባቴ? ሩህሩህ?» ወደ ፊት ጠጋ አሉ። «ስሚ፣ አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ‹የባቡሩ አዛዥ የልጄ ባል ነው› ብላ ያለ ትኬት ተሳፈረች። አባቴ አገኛትና ቀጣዩ ጣቢያ ላይ አወረዳት። የምትመጣው የት መሰለሽ? እኛ ቤት! እኔ ተወልጄ፣ እናቴን ልታርስ!»

«ከዚያስ ምን ሆኑ?»

«በበሬ ጋሪ መጣች። እስክትሞት ድረስ በስሙ ጠርታው አታውቅም። ‹ያ መኮንን በልቷል?› ነበር የምትለው።»

ሳቄን ልያዝ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ወይዘሮዋ ግን አልሳቁም፤ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

«‹ለተሻለ ኃላፊነት ተዛወሩ› ያልሽውስ ምንድን ነው?»

«የዝውውሩ ምክንያት አልተጻፈም ነበርና...»

«ቅጣት ነው! የአውራጃው ገዢ፣ እንግሊዛዊው፣ ውሻውን ይዞ አንደኛ ማዕረግ ገባ። ያኔ ለውሻ ትኬት ይቆረጣል። ገዢው ‹እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?› አለው። አባቴም ‹እርስዎንማ አውቃለሁ፤ የማላውቀው ውሻውን ነው› አለ። ትኬቱ እስኪቆረጥ ድረስ ባቡሩን አላስነሳም። በሕይወቱ ባቡር ያዘገየው ያን ቀን ብቻ ነው። በሳምንቱ በረሃ ጣሉት፤ ሁለት ዓመት! በሌላ በምንም ነገር ኮርቶ አያውቅም፣ በዚያ ግን ይኮራ ነበር። አንቺ ሹመት አደረግሽው።»

ውሻውን ከጽሑፉ እኔ ራሴ እንዳወጣሁት አልነገርኳቸውም። ፊቴ ግን ሳይናገር አልቀረም።

«የልጅ ልጆቼ ፎቶውን ብቻ ነው የሚያውቁት» አሉ ቀስ ብለው። «ይህን ካነበቡ ‹ጥሩ ሰው ነበር› ብለው ይረሱታል። ጥሩ ሰው ብዙ ነው።» ከዚያ እስክሪብቶውን ከደኑት። አልፈረሙም።

እቤት ስደርስ አባቴ ከኔ በላይ ደነገጠ። «እንዴት አይፈርሙም? የኔን ጽሑፍ ቤተሰብ አልቅሶ ነው የሚቀበለው!»

«ለቅሶ ላይ ስለሚነበብ ነው አባዬ።»

ትንሽ ተቀየመኝ። ሐሙስ ከሰዓት ከሥራ ሲመለስ ግን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እንደ አዲስ ስጽፍ አገኘኝና አጠገቤ ተቀመጠ። ሠርግ የተከለከለውን ጸሐፊ አስገባሁ። ኮፍያው የጠመመውን ዘበኛ አስገባሁ።

«ቢያንስ አማትየዋን ተዪያቸው» አለኝ። «አራስ ልትጠይቅ የመጣች እናት ከባቡር ወረደች ተብሎ ይጻፋል? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ሁሉ ሞቷል አባዬ።»

አማትየዋም ገቡ። ገዢውና ውሻው ጋ ስደርስ አባቴ አስቆመኝ። የዚያን ዕለት ጠዋት አንድ ትልቅ መኪና የያዘ ሰውዬ እንደዚሁ «ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?» ሲለው፣ እሱ የማቆሚያውን በር ሳያስከፍል እንደከፈተለት ነገረኝ። ከዚያ ስክሪኑን እያየ፣

«ውሻው ምን ዓይነት ነበር?» አለኝ።

«አልጠየቅኩም።»

«ኧረ ጠይቂ! እንዲህ ያለ ነገር በደፈናው ይጻፋል?»

ዓርብ ጠዋት ወይዘሮዋ ፊት ቁጭ ብዬ መጀመሪያ ውሻውን ጠየቅኩ። ትልቅ ቡናማ የአደን ውሻ ነበር፤ ሹሙ ይሉ እንደነበረው ከጌታው ይልቅ ሥርዓት ያለው። ያንን በእጄ ጨምሬ ሙሉውን አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። አያታቸው የወረዱበት ጣቢያ ላይ ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። በረሃው ላይ ስደርስ ግን ዓይናቸውን ገልጠው መስኮቱን አዩ፤ ቆም ብዬ ጠበቅኳቸው።

«ቀጥዪ» አሉኝ።

ስጨርስ እስክሪብቶውን አነሱ። «ይህ እውነት ነው» በሚለው ሥር ቀስ ብለው፣ እያንዳንዷን ፊደል እየሳሉ ፈረሙ። መልሰው ይሰጡኛል ብዬ እጄን ስዘረጋ ግን ወረቀቱን ያዝ አደረጉትና ከፊርማቸው ሥር አንድ መስመር ጨመሩ፦ «ቁጣው ግን ከዚህም ይብስ ነበር።»

«ከፈለጉ ጽሑፉ ውስጥ ላስገባው» አልኳቸው፣ ደስ እንዲላቸው ብዬ።

«አይሆንም» አሉ፣ ወረቀቱን እየሰጡኝ። «እሷ መስመር የኔ ናት።»